የጣና ውሃ መቼ ይንቀሳቀሳል?

ለባሕር ዳር፣ ለዘጌና ለቁንዝላ ዓሣ አስጋሪዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን አደራችሁ፤ አባቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች። ነፋሱ ሳይነሣ እንድንጨርስ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው ሲንቀሳቀስ ዓሣው የት ይቆማል? መረባችሁን የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደምትጥሉ የሚወስነው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። መቼ መጣል እንደሌለባችሁም የሚነግራችሁ እሱ ራሱ ነው።

ነገሩን ከሩቅ እናምጣው። በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ስትራይፕድ ባስ የሚባል ዓሣ አለ። ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች የተሰመሩበት፣ ትንንሽ ዓሦችን እያደነ የሚኖር ትልቅ ዓሣ ነው። የዚያ አገር አስጋሪ ከቤቱ ሳይወጣ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰሌዳ ያያል። ጨረቃና ፀሐይ ባሕሩን ስለሚስቡት ውሃው በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይሞላል፤ በመካከሉ ይጎድላል። የዛሬ ጠዋቱ ሙላት ነገ ጠዋት 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል። ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል። ግማሽ ስትሆን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ይህ ሁሉ ከዓመታት በፊት ተሰልቶ ሊታተም የሚችል ነገር ነው።

አስጋሪው ሰሌዳውን የሚያየው ውሃው የሚሮጥበትን ሰዓት ለማወቅ ነው። ባሕሩ ሲጎድል በየረግረጉና በየጅረቱ አፍ የተጠራቀመው ውሃ ትንንሽ ዓሦችንና ሽሪምፖችን ይዞ ይወጣል። ትልቁ ዓሣ ከድንጋይ ኋላ ወይም ከአሸዋ ክምር ጫፍ ተጠግቶ፣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይጠብቃል። የሚቆመው ውሃው ዝግ በሚልበት፣ ጉልበቱን በማይጨርስበት ቦታ ነው፤ ምግቡ የሚያልፈው ደግሞ አጠገቡ ባለው ፈጣን ውሃ ነው። ባሕሩ ሞልቶ ወይም ጎድሎ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ ሲል አደኑም ይቀዘቅዛል። ይህን አንድ ሐሳብ ያዙልኝ፦ ዓሣው የሚገኘው ፈጣኑና ዝግተኛው ውሃ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ነው።

ይህ ዓሣ ባሕር ውስጥ ቢኖርም የሚራባው በጸደይ ወደ ወንዝ ወጥቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ወንዝ ተገድቦ ዓሣው ከግድቡ በላይ ሲዘጋበት፣ ሙላትና ጉድለት በሌለበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውስጥ ኖረ፤ ተራባም። ጊዜው ሲደርስ ግን ሐይቁን ትቶ ወደሚገቡት ወንዞች ይወጣ ነበር። ለመራባት በክረምት ከጣና ወደ ወንዝ የሚወጣውን የእኛን ነጭ ዓሣ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን። ጣና ሙላትና ጉድለት አለው ወይ? ጨረቃ ማንኛውንም ውሃ ትስባለች፤ ነገር ግን የውሃው ስፋት ካነሰ የሚታይ ለውጥ አይመጣም። ከጣና ብዙ እጥፍ በሚሰፉት የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ እንኳ የጨረቃው ሙላት 5 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ጣና 84 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት፣ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታ ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጣና ላይ ጨረቃ የምታመጣው ከፍታ በዓይን የሚለይ አይደለም፤ ማንም «ጨረቃዋ ውሃውን አነሣችው» ብሎ መረብ ቢሸጥላችሁ አትስሙት።

ሆኖም ጣና አይቆምም። ውሃውን የሚያንቀሳቅሱት ሦስት ናቸው፦ በየቀኑ ነፋስ፣ በየክረምቱ ወንዝ፣ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ የሰው እጅ ያለበት የመውጫ በር። የባሕሩ አስጋሪ በታተመ ሰሌዳ የሚሠራውን እናንተ እነዚህን ሦስቱን በማንበብ ትሠራላችሁ።

ነፋስ

ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ፈጥኖ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የሐይቅ አየር ቦታውን ለመያዝ ወደ ዳር ይነፍሳል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል፦ የብሱ ፈጥኖ ይበርድና አየሩ ከዳር ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ የቀኑ ነፋስ ከሰሜን፣ ቁንዝላ ላይ ደግሞ ከምሥራቅ ይመጣል። ንጋት ሁለቱ የሚቀያየሩበት ሰዓት በመሆኑ ሐይቁ እንደ መስታወት የሚረጋው ያን ጊዜ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት ወዲያ ውሃው መሸብሸብ ይጀምራል፤ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይደክማል። በክረምት የዝናብ ደመና የሚያመጣው ድንገተኛ ነፋስ ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል፤ ደመናው ከየት እንደመጣ እንጂ ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ማየት አይጠቅምም።

ነፋሱ ውሃውን ምን ያደርገዋል? በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ ነፋስ፣ ማለትም ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝና የሞገዱን ጫፍ ነጭ የሚያደርግ ነፋስ እንውሰድ። በ60 ኪሎ ሜትር ውሃ ላይ ሳያቋርጥ ቢቆይ፣ ጥልቀቱን 8 ሜትር አድርገን ስናሰላው፣ ነፋሱ የሚደርስበት ዳር ከሚነሣበት ዳር 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ነፋሱ ሲያቆም ያ የተከመረ ውሃ ይመለሳል፤ በትሪ ላይ እንዳለ ውሃ ወዲያና ወዲህ ይላል። በጣና ርዝመት አንድ ሙሉ ምልልስ በስሌት 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የእኛ ሙላትና ጉድለት ይኸው ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጥልቀቱ ግማሽ ሜትር በሆነ የደንገል ዳር ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ውሃውን ብዙ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ለመረብ የሚበልጠው ግን ፍሰቱ ነው። የላይኛው ውሃ ከነፋሱ ፍጥነት ከመቶ ሁለት ወይም ሦስት እጁን ያህል ይዞ ይሄዳል። በዚያ በተባለው ነፋስ ይህ በሰዓት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ዳር የተገፋው ውሃ የሚሄድበት ስለሌለው በታች በኩል ወደ መሀል ይመለሳል። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ፊት ለፊት መረብ ብትጥሉ የላይኛው ገመድ ወደ ከተማው፣ የታችኛው ወደ ክብራን ደሴት አቅጣጫ ይጎተታል። ጠዋት መረቡ እንደ ገመድ ተጠቅልሎ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው «ዓሣው ጠቀለለው» ይላል፤ ትልቅ አምባዛ ካልሆነ በቀር የጠቀለለው ውሃው ነው።

መፍትሔው በሦስት ነገር ይሠራል። አንደኛ፣ መረቡን ከፍሰቱ ጋር ሰያፍ አድርጋችሁ ጣሉት። ፍሰቱን ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ይተኛል፣ ቅጠልና ጭራሮ ይሞላዋል፤ ከፍሰቱ ጋር እኩል ከሄደ ደግሞ ዓሣው ጎን ለጎን ያልፈዋል። አቅጣጫውን ለማወቅ ግማሽ ውሃ የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጣሉና አምስት ደቂቃ ተመልከቱት፤ የታችኛውን ፍሰት ለማየት ደግሞ በሌላ ጠርሙስ ላይ በ3 ሜትር ገመድ ድንጋይ የያዘ ጨርቅ አንጠልጥሉ። ሁለቱ ጠርሙሶች በተለያየ አቅጣጫ ከሄዱ መረባችሁ ሊጠቀለል ነው ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መሬት ላይ በሚያርፍ መረብ የእርሳሱ ክብደት ከተንሳፋፊው የማንሣት ኃይል ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሁን። ተንሳፋፊ ሲያልቅ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ እየጨመሩ መሄድ መረቡን ከመሬት ያስነሣዋል፤ ከተነሣ በኋላ የሚገዛው ውሃው ነው። ሦስተኛ፣ በሁለቱ ጫፍ የሚታሰረው ድንጋይ በረጋ ጊዜ ከ5 እስከ 8 ኪሎ፣ በክረምት ከወንዝ አፍ አካባቢ ከሆነ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይሁን። የድንጋዩ ገመድ ከውሃው ጥልቀት ሁለት እጥፍ ካልረዘመ ሞገድ ባነሣው ቁጥር ድንጋዩ ይዘላል።

ስለ አሰፋፉ አንድ ቃል፤ ብዙ መረብ ገና ከቤት ተበላሽቶ ነው የሚወጣው። ተወጥሮ 100 ሜትር የሚሆን መረብ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ይሰፋል። ያን ጊዜ ዓይኑ በደንብ ይከፈታል፤ መረቡም ላላ ብሎ ዓሣውን ይይዛል። ብር ለመቆጠብ በ80 ሜትር ገመድ ላይ ብትሰፉት ዓይኑ ወደ ጎን ተለጥጦ ቁመቱ ያጥራል፣ መረቡም ይወጠራል፤ ዓሣው ይነካውና ይመለሳል። የዓይኑን ስፋት የምትለኩት ደግሞ መረቡን ወጥራችሁ ከቋጠሮ እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ ነው። ነጋዴ አንዳንድ ጊዜ የአንዱን ጎን ርዝመት ይናገራል፤ «5 ሴንቲ» ብሎ የሸጠላችሁ ተወጥሮ 10 ሊሆን ይችላል፤ «10» ያለው ደግሞ 10 ላይሆን ይችላል። ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ።

ነፋሱ ለዓሣውስ? ሞገድ የሚመታው ዳር ይደፈርሳል። አምባዛ በጢሙ እየዳሰሰና እያሸተተ ስለሚያድን ድፍርሱ አያስቸግረውም፤ ማታ መንጠቆ ለመጣል ከሰዓት በኋላ ሲመታ የዋለው ዳር ጥሩ ቦታ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ደግሞ ወደ ተከለለው፣ ደንገሉ ወዳለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ይጠጋል፤ ነፋሱ ከሰሜን ሲሆን የዘጌ ልሳነ ምድር የደቡብ ጎን ይከለላል። ከነጭ ዓሣው መካከል ሌሎች ዓሦችን የሚበሉት በዓይናቸው ስለሚያድኑ ከድፍርሱና ከጠራው ውሃ ድንበር በጠራው በኩል ፈልጓቸው። ስትራይፕድ ባስ የሚቆምበትን ቦታ አስታውሱ፤ ድንበር ነው።

እምቦጭንም የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቁ ዳር ከታየ ወዲህ ብዙውን የያዘው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ የተመለሰ ጀልባ ወይም መረብ ካላችሁ ጎጃም ዳር ከማውረዳችሁ በፊት መረቡን ዘርግታችሁ ለቅማችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የለቀማችሁትን አቃጥሉት። የተቆረጠች ትንሽ ግንድ ትበቅላለች፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል።

ታንኳ ላይ ለምትሠሩ ደግሞ ይህን እንበል። በሰፊው ሐይቅ ላይ ያ ነፋስ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ሞገድ ያነሣል። መረብ ለመጣል ከቀኑ 11 ሰዓት ወዲያ፣ ነፋሱ ሲደክም፤ ለማውጣት ከንጋቱ 12 ሰዓት። ከሞተ በኋላ በሞቀ ውሃ ውስጥ መረብ ላይ የቆየ ዓሣ ሆዱ ይላላል፣ ጉንጩ ይነጣል፤ በዋጋው ትከስራላችሁ። እስከ ረፋድ የሚያቆይ ሰው ሁለት ጊዜ ይጎዳል፦ ዓሣውም ይበላሻል፣ ሲመለስም ነፋሱ ያገኘዋል።

ወንዝ

ወደ ዋናው ጉዳይ ደርሰናል፤ እዚህ ላይ እንቆያለን።

ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ጣና ከወንዞች ከሚያገኘው ውሃ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ወንዙ ቀዝቅዞና ደፍርሶ ይገባል። ቀዝቃዛና ጭቃ የያዘ ውሃ ከሐይቁ ውሃ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከአፉ ትንሽ ርቆ ወደ ታች ይጠልቅና በመሬት በኩል ይሄዳል። ከላይ ስታዩት አረፋና ቅጠል የተደረደረበት መስመር የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ከመስመሩ ወዲህ ቡናማ፣ ወዲያ ግራጫ አረንጓዴ። ጎርፉ ከማሳ ጠርጎ የሚያመጣው ትልና ነፍሳት እዚያ ይሰበሰባል፤ ትንንሹ ዓሣ ይከተላል፤ ትልቁ ደግሞ ትንሹን ይከተላል። የባሕሩ አስጋሪ ውሃው ሲጎድል በጅረት አፍ የሚያገኘውን እናንተ በሰኔና በሐምሌ በግልገል ዓባይ አፍ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚመጣው። ነጭ ዓሣ ወደዚያ መስመር የሚመጣው ሊበላ ብቻ አይደለም። ጣና ውስጥ ያለው የነጭ ዓሣ ወገን አሥራ አምስት ያህል ዝርያ ነው፤ ስምንቱ ሌሎች ዓሦችን በመብላት ይኖራሉ። ይህ ዓይነት በአንድ ሐይቅ ውስጥ ተለያይቶ የተፈጠረ የካርፕ ቤተ ሰብ ትላልቅ ዓሦች ወገን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልቀረም፤ ፊሊፒንስ ውስጥ በላናዎ ሐይቅ የነበረው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ከጣናዎቹ ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት መግቢያ ድረስ ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ የሚበረታውም ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። በመጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ። ጎርፍ ሲመጣ በዋናው ወንዝ ይወጣሉ። ከዚያ ወደ ገባር ጅረቶች ይታጠፉና ውሃው ጥልቀት በሌለው፣ በሚፈስ፣ ንጹሕ ጠጠር ባለበት ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተወሽቆ የሚፈሰውን ውሃ አየር ይወስዳል። ደለል ከሸፈነው ይታፈናል።

አሁን አስቡት። ዓመቱን ሙሉ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተበተነ ዓሣ ለጥቂት ሳምንታት በአንድ ወንዝ አፍ ላይ ይቆማል። ወንዙን በመረብ የዘጋ ሰው በአንድ ሌሊት የወር ሥራውን ይሠራል፤ የሚያወጣው ግን ሆዷ እንቁላል የያዘች ዓሣ ነው። ወደ ላይ፣ በገባር ጅረቱ ላይ ደግሞ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ የሚነዛ አለ። ብርብራ ትልቁን ብቻ አይገድልም፤ ጫጩቱን፣ ነፍሳቱን፣ ከታች ከብት የሚጠጣውን ውሃ ጭምር ያበላሻል። በዚያ ላይ ጊዜው ፍልሰታ ነው። ነሐሴ 1 ጾሙ ሲገባ የዓሣ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋው ይወደዳል፤ ነጭ ዓሣ ደግሞ በዚያው ሳምንት ሊራባ ይወጣል። ገበያውና የዓሣው መራቢያ መገጣጠማቸው ከሁሉም የከፋው ነገር ነው።

ያስከተለውን ደግሞ ተለክቶ እናውቀዋለን። የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። ከ1990ዎቹ መግቢያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ በተደረገው ጥናት የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወርዶ ተገኘ፤ የጫጩቱ ደግሞ ከዚያ የባሰ። ጫጩት ሲጠፋ ምክንያቱ እናቶቹ ላይ የደረሰው ነው። ቆሮሶ በዚያ መጠን አልወረደም፤ ምክንያቱም በየወንዙ አፍ አይሰለፍም፣ ሴቷም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ ታሳድጋለች።

ስትራይፕድ ባስም ይህን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከመጠን በላይ ሲሰገር ቁጥሩ ወደቀ። ዋናው መራቢያው በቼሳፒክ ወሽመጥ ውስጥ ነው፤ የሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1985 መግቢያ ማስገሩን ሙሉ በሙሉ አቆመ፣ እስከ 1990 አልከፈተም። በ1995 ክምችቱ ተመልሷል ተባለ። አምስት ዓመት ለአስጋሪ ቤተ ሰብ ረጅም ነው፤ ማንም እዚህ ቆሞ ቀላል ነው አይላችሁም። እኛ የምንጠይቀው አምስት ዓመት አይደለም። ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ ከግልገል ዓባይ አፍ፣ ከወንዙ ራሱና ከገባሮቹ መረብ እንዲነሣ ነው። በዚያን ጊዜ የሚሠራ ሥራ አለ፦ ከወንዝ አፍ ርቆ በቆሮሶ ላይ ማተኮር፣ በመንጠቆ አምባዛ መያዝ፣ መረብ መጠገን። ለፍልሰታ ገበያ ቆሮሶ ይበቃል፤ ነጋዴውም ነጭ ዓሣ እንቁላል ይዛ ስትመጣ አልገዛም ማለት ይችላል። ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ ነጋዴዎች ይህን ከአስጋሪው በላይ ልትወስኑት ትችላላችሁ።

አምባዛ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ባጭሩ እንለፈው። አየር መሳብ ስለሚችል የመጀመሪያው ጎርፍ ሜዳውን ሲያጥለቀልቀው በሌሊት ወደ ሣሩ ይወጣና ይራባል። ውሃው መስከረምና ጥቅምት ላይ ሲሸሽ ጫጩቶቹ በቦዩ ወደ ሐይቅ ይመለሳሉ። በቦዩ አፍ የሚተከል ወጥመድ በገቢው ጊዜ እናቶቹን፣ በተመላሹ ጊዜ ልጆቹን ይይዛል። ወጥመዱ ቢያንስ ከቦዩ ግማሹን ክፍት ይተው።

የሐይቁ ከፍታና በሩ

ጣና በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነሣና ይወርዳል። ዝቅ የሚለው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ፣ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ስምንት ወር በሚሆን ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ሲወርድ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በሳምንት 4 ሴንቲ ሜትር። ዳሩ ግን ሜዳ ነው። በየ200 ሜትሩ አንድ ሜትር በሚያዘቀዝቅ ዳር ላይ ውሃው 300 ሜትር ይሸሻል ማለት ነው። ጥቅምት ላይ ደንገሉ ሥር የነበረው የቆሮሶ ማሳደጊያ መጋቢት ላይ ከብት የሚግጥበት ይሆናል። ስለዚህ ባለፈው ወር የያዛችሁበት ቦታ ላይ በልማድ አትጣሉ፤ ጥልቀቱን ለኩና ያንኑ ጥልቀት ተከትላችሁ ወደ መሀል ውረዱ። በዐቢይ ጾም ገበያው ሲሞቅ ውሃው እየሸሸ ያለበት ጊዜ መሆኑን አስቡ።

የመውጫው በር ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት በሮች ተሠሩ፤ በ2001 አምስት ተጨመሩ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በምዕራብ በኩል ወደ በለስ የሚሄደው ዋሻ ለ460 ሜጋ ዋት ኃይል ማመንጫ ውሃ ይወስዳል። ስለዚህ የሐይቁ ከፍታ ዝናቡን ብቻ አይከተልም። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሳይገባ ውሃው በጣም ወርዶ መርከቦች ወደብ መጠጋት እስኪያቅታቸው ደርሰው ነበር። ሰማዩን አይታችሁ ከፍታውን መገመት ቀርቷል፤ መለካት ያስፈልጋል።

ጨረቃ

ጨረቃ ውሃውን አታነሣም ብለናል፤ ብርሃኗ ግን ሥራ አለው። የጠራ ውሃ ባለበት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ዓሣው መረቡን ያያል። በእነዚያ ሌሊቶች ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ መረብ ተጠቀሙ፤ ወይም ጨረቃዋ ከመውጣቷ በፊት ባለው ጨለማ ጣሉ። ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉት ቀናት በየሌሊቱ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ስለምትወጣ ያ ጨለማ በየቀኑ ይረዝማል። ክረምት ላይ፣ ውሃው ሲደፈርስ፣ ልዩነቱ እጅግ ይቀንሳል።

የራሳችሁ ሰሌዳ

የባሕሩ አስጋሪ ሰሌዳ ታትሞለታል፤ የጣና አስጋሪ ግን ራሱ መሥራት አለበት። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እንጨት፣ ክዳንና ሚዛን ነው።

እንጨቱ 2 ሜትር ተኩል ይሁን፤ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉበትና ሰኔ ሳይጋመስ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ፣ ከሞገድ በተከለለ ቦታ አጥልቃችሁ ትከሉት። መስከረም ላይ የምትተክሉት እንጨት በበጋ የብስ ላይ ይቀራል። በየቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ አንብቡት፤ ከሰዓት ካነበባችሁት የምትለኩት ነፋሱን ነው።

ክዳኑ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ይሁን፤ አራት ቦታ ከፍላችሁ ሁለቱን ነጭ ሁለቱን ጥቁር ቀቡት። ከሥሩ 1 ኪሎ ድንጋይ፣ ከላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ የተቋጠረ ገመድ እሰሩ። እኩለ ቀን አካባቢ በጀልባው ጥላ በኩል አውርዱት፤ የጠፋበትንና ስታነሡት እንደገና የታየበትን ጥልቀት ደምሩና ለሁለት አካፍሉ። በየወሩ ይህን ስትጽፉ የግልገል ዓባይ ድፍርስ መቼ የት እንደደረሰ በቁጥር ታውቃላችሁ።

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ቀኑ፣ የእንጨቱ ንባብ፣ ነፋሱ ከየት በስንት ሰዓት እንደተነሣ፣ ክዳኑ የጠፋበት ጥልቀት፣ መረቡ የወደቀበት ቦታና ጥልቀት፣ የመረቡ ብዛትና የዓይኑ ስፋት፣ ከዚያ በየዓይነቱ የተመዘነ ኪሎ ነው። ኪሎውን በመረቡ ቁጥር አካፍሉት። ይህን ካላደረጋችሁ ደብተሩ ያታልላችኋል። በ4 መረብ 18 ኪሎ ያወጣ ሰው በመረብ አራት ኪሎ ተኩል አግኝቷል። በሚቀጥለው ዓመት በ10 መረብ 30 ኪሎ ቢያወጣ ያገኘው የበዛ ይመስለዋል፤ በመረብ ግን 3 ኪሎ ብቻ ነው። ሐይቁ እየቀነሰ ነው፣ የጨመረው ድካሙና የመረብ ወጪው ነው።

የዓይኑን ስፋት መጻፍ አትርሱ። ተወጥሮ 10 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ መረብ ገና ያልወለደ ዓሣ ያወጣል፤ ኪሎው ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። በአንድ ክር የተሠራው ሞኖፊላመንት መረብ ደግሞ ርካሽ ስለሆነ ሲቀደድ ሐይቅ ውስጥ ይተዋል፤ ስለማይበሰብስ ማንም ሳያወጣው ዓሣ እየያዘ፣ እያበሰበሰ ለዓመታት ይቆያል። የጠፋ መረብ የት እንደጠፋም በደብተሩ ይጻፍ፤ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ሄዳችሁ የምታወጡት በዚያ ጽሑፍ ነው።

ለዛሬ ከመበተናችን በፊት እንጨቱን የት እንደምትተክሉ በየቡድናችሁ ተነጋገሩ። የቁንዝላዎቹ ከወደቡ ርቃችሁ ምረጡ፤ ጀልባ ሲጠጋ የሚያነሣው ሞገድ ንባቡን ያዛባዋል። የዘጌዎቹ በደቡቡ ጎን። የባሕር ዳሮቹ ደግሞ ከዓባይ መውጫ ራቅ በሉ፤ እዚያ ውሃው ወደ በሩ እየተሳበ ስለሚሄድ የሐይቁን ከፍታ በትክክል አያሳያችሁም።